ሆዳሙ ማርሚታ

ቀጭን መሆን ጤና ነው የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ መጀመሪያ እኔን ጠይቁኝ። ቀጭን መሆን ጤና አይደለም፣ ሥራ ነው። አልጋ ሥር የገባ ቁልፍ የሚያወጣው ቀጭን ሰው ነው። ባጃጅ ሲሞላ ከሹፌሩ ጎን ግማሽ መቀመጫውን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄደው ቀጭን ሰው ነው። አውሮፕላን የሚሞክር ሰው ሲፈለግስ? እሱም ቀጭን ሰው። እኔ ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሰማይን የማውቀው ከታች ወደ ላይ እያየሁ ነው፤ በዚያው ቢቀር ምንም ቅሬታ አልነበረኝም።

በዚያ ላይ ዕረፍት የሚባል አልፈጠረብኝም። አንድ ቦታ ተቀምጬ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጨርሼ አላውቅም። ባለቤቴ ትዕግስት "አንተ ሰውዬ እሾህ ላይ ነው እንዴ የምትቀመጠው?" ትለኛለች። ወላጆቿ ይህን ስም ያወጡላት እኔን እንደምታገባ አስቀድመው አውቀው ሳይሆን አይቀርም።

አውሮፕላኑ የአባቷ የጋሽ ታምሩ ነው። ጋሽ ታምሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶ መካኒክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፣ ዕድር ይመራል፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር ይጣላል። እሳቸው አውሮፕላን ያዙ። ጅሬን ሰፈር ካለው ግቢያቸው፣ ማንጎው ሥር፣ ቁራጭ በቁራጭ እየገጣጠሙ አሳደጉት። ክንፉ ሸራ ነው፣ አጥንቱ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ጎማው የሞተር ሳይክል፤ ፕሮፔለሩን ከዋንዛ በገዛ እጃቸው ጠርበውታል። ሞተሩን ከየት እንዳገኙት በተጠየቁ ቁጥር ሌላ ታሪክ ስለሚያወሩ እኔ መጠየቅ ትቻለሁ። ቱ ስትሮክ የሚሉት፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚጠጣ፣ ትንሽ ግን ቁጡ ሞተር ነው። አንድ ሰው ብቻ ይችላል፤ ያውም ሰውየው ቀጭን ከሆነ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ግን የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው፤ ማርሚታው። ጋሽ ታምሩ ላሜራ ቆርጠው፣ ጠቅልለው፣ በይደው የሠሩት ነው። ሲጀምር ቀጭን፣ መሃሉ ላይ የተነፋ፣ ጫፉ ላይ እንደገና የጠበበ። ፍየል የዋጠ ዘንዶ ይመስላል። ሰፈሩ "ሆዳሙ" ብሎ ስም አወጣለት።

ታላቅ ልጃቸው እትዬ ዘነቡ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ለእናቷ ሙት ዓመት መጥታ ግቢውን አየች። የቤንዚን ጀሪካኑን አየች። አባቷ ለእራታቸው ዳቦ በሻይ ሲነክሩ አየች። በቃ!

"አባዬ፣ ይኼ ነገር አንድ ቀን ያቃጥልሃል። ካሁን በኋላ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ክፍልህ ተዘጋጅቷል።"

ክፍሉ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

"እዚያ ላይ ተሰቅዬ ምን ልሥራ?" አሉ ጋሽ ታምሩ።

"ታርፋለህ!"

ፊታቸው አመድ መሰለ። ዓይናቸው ከማንጎው ወደ አውሮፕላኑ፣ ከአውሮፕላኑ ወደ ባለቤታቸው ባዶ ወንበር ሄደ። "አንድ ጊዜ ከመሬት ቢነሳስ?" አሉ በመጨረሻ።

"ይኼ?" እትዬ ዘነቡ ከት ብላ ሳቀች። "ይኼ ከመሬት ከተነሳ ዕድሜ ልክህን እዚሁ ኑር፤ ሁለተኛ አልናገርህም። ካልተነሳ ግን የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ በአይሱዙ መጥቼ ከነአልጋህ ነው የምወስድህ!"

ይህን ያለችው ሙት ዓመት የመጣው ጎረቤት ሁሉ በተቀመጠበት ነው። በሰው ፊት የተባለ ነገር ደግሞ አይታጠፍም። ችግሩ፣ ጋሽ ታምሩ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ክብደታቸውም ለዚያ ክንፍ ይበዛል። ዓይናቸው ግቢውን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ቆመ።

"አንተ ስንት ኪሎ ነህ?" አሉኝ።

ልቤ ከመሬት የተነሳው ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰላም የለም። ሁለተኛ ጭልፋ ወጥ ስጠይቅ ትዕግስት ድስቱን ትከድንና "ለአባዬ ስትል" ትላለች። ሰው በአማቱ ምክንያት ሲራብ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ሞተሩ ግቢ ውስጥ ተነስቶ በተሞከረ ማግስት አባ መጫ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አባ መጫ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ፣ ቡናም ከብትም ንብም ያላቸው፣ ከጋሽ ታምሩ ጋር በፍቅር ሲጣሉ የኖሩ ጎረቤት ናቸው። ስለ ወሰን ተጣልተዋል፣ ስለ ማንጎው ቅርንጫፍ ተጣልተዋል፣ ክረምት መቼ እንደሚወጣ እንኳ ተጣልተዋል።

"ታምሩ፣ ማሎ፣ እባክህ!" አሉ አባ መጫ ገና ሳይቀመጡ። "ላሜ ወተቷን ከለከለች። አዛኑ አይሰማም። የልጄ ልጅ እንቅልፍ አጣ። እኛ አትብረር አላልንም። ብረር! ግን ቀስ ብለህ ብረር።"

ሽማግሌ ከመጣ እምቢ አይባልም። በዚያ ላይ አውሮፕላኑ የሚሮጥበት ሜዳ የአባ መጫ የከብት ግጦሽ ነው። "አንተም ተው፣ አንተም ተው" ተባለና ፍርድ ተሰጠ፦ ሆዳሙ ይውረድ፣ ድምፅ የሚያፍን ይግባለት። ጋሽ ታምሩ "ሞተሩ ይኼን አይወድም" ብለው ነበር። ሞተሩን የጠየቀው ሽማግሌ ግን የለም።

ሆዳሙ ወልቆ ማንጎው ሥር ተጋደመ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቆም አልችልም አላልኳችሁም? አባ መጫ ሲወጡ ቱቦውን በከዘራቸው ነካ አድርገው "ይኼ ሊጣል ነው?" ቢሉኝ፣ "ይውሰዱት አባ! ምን ያደርጋል!" ብዬ ተሸክሜ እስከ በራቸው አደረስኩላቸው። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። መርቀውኝም ገቡ።

ከመርካቶ ያገለገለ የጭነት መኪና ማርሚታ ተገዝቶ ተበየደ። ሞተሩ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ተደሰቱ፤ የተኛች ድመት ከዚያ የበለጠ ድምፅ አላት። ሜዳ ወረድን። ተቀመጥኩ፣ ታሰርኩ፣ ጸለይኩ፣ የነዳጁን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ፕሮፔለሩ ሽሮ እንደሚያማስል ሰው ቀስ ብሎ ዞረ። እየሮጥኩ ነው ብዬ ሳስብ አንድ ጥጃ በጎን አልፎኝ ሄደ። ካለፈ በኋላ ዞር ብሎ አየኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አይበርማ! እግሬ መሬት ላይ ነው፣ ልጆቼ አባት አላቸው፣ ማታ ሁለተኛ ጭልፋ አለ። ከዚያ ቀና ስል ጋሽ ታምሩ ሜዳው ዳር ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ባርኔጣ የሚያወልቁት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። በደስታዬ አፈርኩ።

ቅዳሜዋ ደረሰች። ጠዋት ጋሽ ታምሩ ተስፋ ቆርጠው፣ ለመንገዱ እንዲሆናቸው ጉልበታቸውን ሊታሹ ወጌሻ ጋ ሄዱ። እኔ ሜዳው ላይ አውሮፕላኑን እየዞርኩ ነው፤ ዞሬ ዞሬ ሣሩን አስተኝቼዋለሁ። የሰፈራችን ባጃጅ ሹፌር ነጂብ ባጃጁን አቁሞ መጣ።

"ቲቸር፣ ትንፋሽ አጥሮት እኮ ነው! እኛ የጅሬንን ዳገት ስንወጣ ምንድነው የምናደርገው? ማርሚታውን ነቅለን ክፍቱን! ወላሂ ፓወሩ ሌላ ነው!"

አመንኩት። ድምፅ ጉልበት የማይመስለው ማን አለ? ክፍል ውስጥ የሚጮኽ አስተማሪ ሁሉ የሚያስተምር አይመስለውም? እኔ ይመስለኛል። ነቀልነው፤ ሞተሩን አስነሳነው። አምላኬ! የጅሬን ውሻ በሙሉ ተነሳ። የአባ መጫ ላም ገመዷን በጥሳ ፊት ፊቴ ትሮጣለች፣ እኔ ከኋላዋ። እውነት ለመናገር ለውጥ ነበረው፤ ጥጃውን ቀደምኩት። ላሟን ግን አልደረስኩባትም፣ ከመሬትም አልተነሳሁም።

ድምፁን ወጌሻው ቤት ሆነው የሰሙት ጋሽ ታምሩ አንድ እግር ሱሪያቸውን እንደሰበሰቡ እያነከሱ መጡ።

"ማነው የነቀለው?"

ነጂብ እኔን አየ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

"ና ወዲህ" አሉኝ፤ ጎማው ላይ ተቀመጡ። "ሠርግ ቤት ሄደህ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ይኼ ሞተር ድንኳን ነው። የበላው እንግዳ በአንድ በር ሲወጣ ያልበላው በሌላ በር ይገባል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ግርግር ነው። በግርግሩ ያልበላውም እየተገፋ አብሮ ይወጣል። ያልበላው ያልተቃጠለው ቤንዚን ነው፤ ጉልበትህ እሱ ነው። ታዲያ በር ላይ ባለቤት መቆም አለበት። 'ወዴት ነው? በሞቴ! አፈር ስሆን!' ብሎ ያልበላውን ገፍቶ የሚያስገባ። ሆዳሙ እሱ ነው። የጭሱ ግፊት ሆዱ ውስጥ ይሰፋል፣ ጠባቡ ጫፍ ጋ ሲደርስ ነጥሮ ይመለሳል። ልክ በሩ ሊዘጋ ሲል ይደርስና ያመለጠውን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።"

"ቱቦው ቢረዝምስ?" አለ ነጂብ።

"ባለቤቱ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይደርሳላ! ካጠረ ደግሞ እንግዳው ገና ሳይነሳ 'በሞቴ' ይላል፤ ማን ይሰማዋል? የመኪናውን ስትገጥሙለት የጠገበውም መውጫ አጣ፣ ድንኳኑ ታፈነ። ስትነቅሉት ባለቤት የሌለው ሠርግ ሆነ፤ የገባው ሁሉ ሳይበላ ይወጣል።" ተነፈሱ። "በል ሆዳሙን አምጣው። ላም ወተት ከለከለች ተብዬ አዲስ አበባ አልሄድም!"

እግሬ ከእኔ በፊት ተነሳ። አባ መጫ ግቢ በሩጫ ገባሁ።

"አባ፣ ያ ቱቦ የታለ?"

ፈገግ ብለው ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ብርብራው ዛፍ ላይ፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ መሃል፣ ሆዳሙ በሐረግ ታስሮ ተጋድሟል። አንዱ ጫፉ በጭቃ ተመርጓል። በሌላው ጫፍ ንብ ይገባል፣ ይወጣል።

"ቀፎ አደረጉት?!"

"ሰው ቀፎ ለማጠን ስንት ይደክማል!" አሉ በኩራት። "ይኼ ራሱ የታጠነ ነው። ሰቀልኩት፤ ወዲያው ገባ። ንቡ መርጦ ነው የገባው፣ አልሐምዱሊላህ!"

"አባ፣ እንፈልገዋለን። አሁን!"

"ዲሲ፣ ተው! ንብ መጥቶ የገባበትን ቤት ማን ያፈርሳል? ነውር ነው። ደግሞስ የተሰጠ ነገር ይመለሳል? ቀፎስ በቀን ይወርዳል? በቀን ያወረደ ሰው ፊቱን ፈልጎ አያገኘውም።"

ዛፉን እየዞርኩ ለመንኩ። አንዷ ንብ ጆሮዬን ነደፈችኝ፤ እሱን እያሸሁ ለመንኩ። ይኼኔ ከመንገዱ በኩል የአይሱዙ ክላክስ ተሰማ። ረጅም፣ የሚያዝ ሰው ክላክስ።

"እትዬ ዘነቡ ናት" አልኩ። "ጋሽ ታምሩን ልትወስዳቸው።"

አባ መጫ ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ያን ቀን ስትናገር ቀልድ መስሎኝ..." ወደ አጥሩ አዩ፤ ወደ ማንጎው፣ ሲጣሉበት ወደኖሩት ቅርንጫፍ። "ታምሩ ከሄደ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?" አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አጥብቀው "ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ መሰላልና ጭስ አምጣ" አሉኝ።

ያ ቅርንጫፍ ምን ዓይነት ሰው እንደሚችል መቼም ገምታችኋል።

እንዴት እንዳወረድኩት አልናገርም፤ ልጆች ሊያነቡት ይችላሉ። አባ መጫ ከታች ሆነው ጭሱን እያራገቡ "ቢስሚላህ በል! አትቸኩል! ንብ ችኩል አይወድም!" ይሉኛል። ለእኔ አትቸኩል ማለት ለዝናብ አትውረድ ማለት ነው። ንቡን ሌላ ቀፎ ውስጥ አራገፍነው። ግማሹ ገባ። ግማሹ ግን ቤቴ ወዴት ተወሰደ ብሎ ተከተለን። የማር እንጀራውን በእንጨት ጫርነው፤ ሰሙ በሙሉ አልወጣም፤ ጊዜ የለማ!

ሜዳው ዳር አይሱዙው ቆሟል። አልጋው ተፈትቶ ተጭኗል፣ ፍራሹ ላዩ ላይ ተጠቅልሏል። እትዬ ዘነቡ እጇን አጣጥፋ ሰዓቷን ታያለች። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ጋሽ ታምሩ ሆዳሙን በገዛ እጃቸው አሰሩት። ትዕግስት ቀበቶዬን ሁለቴ አጠበቀችልኝና "ተመልሰህ ና፣ ዛሬ ወጥ እንደፈለግክ" አለችኝ። ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ሞተሩ ተነሳ። የተቃጠለ ማርና ሰም ሽታ ሜዳውን ሞላው። እጀታውን ስገፋ ወንበሩ ጀርባዬን መታኝ! ከአንድ ሆድ ካለው ቱቦ ይህን ያህል ጉልበት? ያልበሉት እንግዶች በሙሉ ተመልሰው ገብተዋል። ላሟን አለፍኳት።

ሐሳቤን አልደብቃችሁም። መሃል ላይ ስደርስ እጀታውን ለቅቄ "ሞከርኩ፣ አልሆነም" ልል ነበር። ግን የማሩ ሽታ ንቡን ጠራው። አንዷ አንገትጌዬ ውስጥ ገባች፣ ሁለተኛዋ ተከተለቻት። የሚያቆም ሰው ሊነደፍ ነው። መቆም ለእኔ ድሮም አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ግን በቂ ምክንያት ነበረኝ። እጀታውን የባሰ ገፋሁት።

የጎማው ድምፅ ጠፋ። ጎማው የወለቀ መስሎኝ ወደ ታች ሳይ ሜዳው ጫፍ ያለው የአባ መጫ አጥር ከእግሬ ሥር ያልፋል። "እናቴ!" አልኩ፤ እጀታውን ለቀቅኩት። ከአጥሩ ማዶ ምን እንዳለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ማወቅ ነበረበት፦ ቡና የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ። ገና ያልደረቀ ቀይ ቡና ላይ ሸርተት ብዬ ተጋደምኩ፤ አልጋው ታጥፎ ቡናውን በሙሉ ላዬ ላይ ደፋው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለካ ለእኔ ነው።

ከቡናው ውስጥ ወጣሁ። እጄ አለ፣ እግሬ አለ። እልልታውን ጠበቅኩ። ጭጭ! በአጥሩ ሳይ ሰፈሩ በሙሉ ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ ጃኬቱን ተከናንቦ ሣሩ ላይ ተደፍቷል። ንቡ ሜዳውን ወርሮታል። ነጂብ ባጃጁ ሥር ነው። እትዬ ዘነቡ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ መስኮቱን ዘግታ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማለች። ስንት የተራብኩበት በረራ፣ ያየው ሰው የለም።

ንቡ ረገብ ሲል ወረደችና "ተነሳ?" አለች።

"ወላሂ ደመናውን ነካ!" አለ ነጂብ።

"አንተ የት ሆነህ አየህ?"

"ባጃጁ ሥር።"

"እኔ ራሴ ነበርኩበት እኮ!" ብዬ ጮኽኩ።

"እሱ ሲፈራ ዓይኑን ይጨፍናል" አለች ትዕግስት። ሚስቴ ናት! ያውም አንዱን ዓይኔን ብቻ ነው የጨፈንኩት።

ሁሉም ወደ አባ መጫ ዞረ። እሳቸው አየሁ ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ማንም አይጠራጠራቸውም። ጋሽ ታምሩ እንዲቀሩም ይፈልጋሉ።

"አባ መጫ፣ እርስዎስ?" አለች እትዬ ዘነቡ።

"ወላሂ አላየሁም" አሉ አባ መጫ። "ጋቢዬን ተከናንቤ ነበር። ያላየሁትን አልመሰክርም።"

አይሱዙውን አየሁ፣ አልጋውን አየሁ። አባ መጫ ግን አልጨረሱም ነበር።

"አጥሬን ግን አውቀዋለሁ። በዚህ ሳምንት ነው ያጠርኩት፤ በር የለውም። የጎማው ፈለግ እዚህ ጋ ያልቃል። አውሮፕላኑ ያለው ግን ከአጥሩ ማዶ ነው። አንድ እንጨት የተሰበረ አለ? እዪ። እኔ ያላየሁትን አጥሩ ይንገርሽ።"

እትዬ ዘነቡ አጥሩን ተከትላ ሄደች። እያንዳንዱን እንጨት ይዛ ነቀነቀች። ጎንበስ ብላ የጎማውን ፈለግ አየች፤ ቀና ብላ ቡና የለበሰ ባሏን የምታራግፈውን እህቷን አየች። ከዚያ "አባዬስ?" አለች፤ ዞረች።

ጋሽ ታምሩ ሜዳው መሃል ብቻቸውን ቆመዋል። ባርኔጣቸው ራሳቸው ላይ ነው። ፊታቸው ግን በንብ ተነድፎ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፤ ሁለቱም ዓይናቸው ተከድኗል።

"አባዬ!" ሮጣ ፊታቸውን ያዘች። "ለምን አልተከናነብክም?"

"እንዳያመልጠኝ" አሉ።

እትዬ ዘነቡ እዚያው ቆማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ በንቡ አሳበብኩ። ሲወጣላት ወደ ሹፌሩ ዞራ "አልጋውን አውርደው" አለችው። አባ መጫ ገና እልልታው ሳያልቅ "ታምሩ! ቡናዬን ማን ነው የሚለቅመው?" ብለው መጮኽ ጀመሩ። ጋሽ ታምሩም ዓይናቸው ሳይገለጥ "መንገድ ላይ ቡና አስጥተህ!" ብለው መለሱ። ሁለቱም ፊታቸው በርቷል።

አመሻሽ ላይ እትዬ ዘነቡ አይሱዙው ላይ ወጣች፤ ልትሄድ ነው። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ፤ እኔ የግቢውን በር ይዤያለሁ። ጋሽ ታምሩ አጥሩን እየዳሰሱ መጥተው የጋቢናውን በር ያዙ።

"ወዴት ነው? በሞቴ! ሳትበዪ?"

"አባዬ መሽቷል፣ መንገዱ ሩቅ ነው..."

"በሞቴ አልኩ! አፈር ስሆን! እደሪ።"

አየቻቸው። ከዚያ እየሳቀች ወረደች። አንድም ነገር ሳይታያቸው፣ ልክ በሩ ሊዘጋ ሲል ነበር የደረሱት። ሳምንቱን ሙሉ ከረመች።

ያን ማታ ግን ለእሷ የሚሆን ትርፍ ፍራሽ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። አባ መጫ ጋ አለ ተባለ፤ በመንገዱ ዞሮ ለማምጣት ሩቅ ነው፤ ማንጎው ጋ ያለው የግቢው አጥር ቀዳዳ ደግሞ ጠባብ ነው። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።